ወረፋውን አስቀድሞ ማስላት የሰው ሕይወት ይታደጋል

በአንድ ሕንጻ ላይ የእሳት ቃጠሎ በደረሰ ጊዜ ሰዎች በሕይወት መውጣት አለመውጣታቸው የሚወሰነው በሩጫቸው ፍጥነት እንደሆነ አድርገው የሚገምቱ ጥቂቶች አይደሉም። ይሁን እንጂ ብዙ ሰው በሚገኝባቸው ሕንጻዎች ወሳኙ ጉዳይ በደረጃውና በበሩ ላይ የሚፈጠረው ወረፋ ነው። ይህ ወረፋ ደግሞ አደጋው ከመድረሱ ከዓመታት በፊት፣ ሕንጻው ገና በንድፍ ላይ ሳለ ሊሰላ የሚችል ነው። የዚህ ጽሁፍ ዓላማም ስሌቱ በምን ላይ እንደሚመሠረትና ምን ትምህርት እንደሚገኝበት ማመላከት ነው።

የወረፋ ንድፈ ሐሳብ መነሻው የስልክ አገልግሎት ነው። ዴንማርካዊው የሒሳብ ሊቅ አግነር ክራሩፕ ኤርላንግ በኮፐንሃገን የስልክ ኩባንያ ሲሠራ የስልክ ጥሪዎችን አመጣጥ በሒሳብ ያብራራበትን ጥናት እ.ኤ.አ. በ1909 አሳተመ። የንድፈ ሐሳቡ ጥያቄዎች ቀላል ናቸው፤ ተገልጋዮች በምን ፍጥነት ይመጣሉ? አገልግሎት ሰጪውስ በምን ፍጥነት ያስተናግዳቸዋል? የሚመጡት ከሚስተናገዱት ከበለጡ ወረፋው እየረዘመ ይሄዳል። በሕንጻ ውስጥ ተገልጋዩ ከአደጋው የሚሸሸው ሰው ሲሆን፣ አገልግሎት ሰጪዎቹ ደግሞ ኮሪደሩ፣ ደረጃውና በሩ ናቸው።

ይህም ሆኖ የእግረኛ ወረፋ ከሌላው የሚለይበት አንድ መሠረታዊ ባሕርይ አለው። የባንክ ገንዘብ ከፋይ ከፊቱ ያለው ሰልፍ ስለረዘመ ሥራው የግድ አይዘገይም። ኮሪደር ግን ሰው በበዛበት መጠን የማስተናገድ አቅሙ ራሱ ይዳከማል። የእሳት ደኅንነት መሐንዲሶች በሚገለገሉበት ቀመር መሠረት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሰው ሲኖር የጉዞው ፍጥነት በሴኮንድ 1 ሜትር ገደማ ነው። ቁጥሩ ወደ 2 ሲጠጋ በአንድ ሜትር ስፋት በሴኮንድ 1.3 ያህል ሰው ያልፋል፤ ከፍተኛው መጠንም ይኸው ነው። ወደ 3 ሲያድግ የሚያልፈው ሰው ከ1 በታች ይወርዳል፤ ወደ 4 ሲቃረብ ደግሞ እንቅስቃሴው ይቆማል። በመሆኑም መገፋፋት መውጫውን ይዘጋዋል እንጂ አያፋጥነውም።

ለአብነት ያህል በእያንዳንዱ ወለል 60 ሰዎች የሚሠሩበትን ባለ 20 ፎቅ ሕንጻ እንውሰድ። 1 ሜትር ያህል ጥቅም ላይ የሚውል ስፋት ያለው ደረጃ በሴኮንድ 1 ሰው ገደማ ያሳልፋል። 1 ሺህ 200ው ሰው በአንድ ደረጃ ብቻ ቢወርድ 20 ደቂቃ ያህል፣ በሁለት ደረጃ ቢከፈል ደግሞ 10 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ከሁለቱ አንዱ ዕቃ ቢከማችበት ወይም በሩ ቢቆለፍ ጊዜው ተመልሶ 20 ደቂቃ ይሆናል።

እ.ኤ.አ. መስከረም 11 ቀን 2001 በኒውዮርክ የዓለም ንግድ ማዕከል መንታ ሕንጻዎች ላይ የደረሰው ጥቃት ለዚህ ጉልህ ማስረጃ ነው። እያንዳንዳቸው 110 ፎቅ የነበራቸው ሕንጻዎች ሦስት ሦስት ዋና ደረጃዎች ብቻ ነበሯቸው። የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2005 ይፋ ባደረገው ምርመራ በወቅቱ በሁለቱም ሕንጻዎች የነበረው ሰው 17 ሺህ 400 ገደማ እንደነበር ገልጿል። አውሮፕላኖቹ ከመቷቸው ወለሎች በታች ከነበሩት ውስጥም ከ99 በመቶ በላይ የሚሆኑት ተርፈዋል። ሕንጻዎቹ በሰው ተሞልተው ቢሆን ኖሮ ግን ሁሉንም ለማስወጣት ከ3 ሰዓታት በላይ ይወስድ እንደነበርና 14 ሺህ ያህል ሰው ሊያልቅ ይችል እንደነበር ምርመራው አስልቷል። ደቡባዊው ሕንጻ የቆመው ለ56 ደቂቃ፣ ሰሜናዊውም ለ102 ደቂቃ ብቻ መሆኑ የሚታወስ ነው።

የመውጫዎች ቁጥር መብዛቱም ብቻውን ዋስትና አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ ሮድ አይላንድ ግዛት በአንድ የምሽት ክበብ በተነሳ ቃጠሎ 100 ሰዎች ሞተዋል። ሌሎች መውጫዎች ቢኖሩም አብዛኛው ሰው በገባበት ዋና በር ለመውጣት በመሽቀዳደሙ በሩ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ በወደቁ ሰዎች ተዘጋ። አንዱ በር ተጨናንቆ ሌላው ባዶ ከሆነ ስሌቱ በወረቀት ላይ ይቀራል።

ጉዳዩ ለሀገራችንም እንግዳ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የተመረቀው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ከ200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ሲሆን፣ በአዲስ አበባ በርካታ ረጃጅም ሕንጻዎች ተገንብተዋል። ሕንጻ ወደ ላይ ባደገ ቁጥር በአንድ ደረጃ ላይ የሚሰለፈው ሰው ይበዛል፤ የደረጃው ስፋት ግን አብሮ አያድግም።

ስለሆነም ንድፍ አውጪዎች የደረጃን ስፋት ሕንጻው ከሚይዘው ሰው ቁጥር ጋር አስተያይተው ሊወስኑ ይገባል። የሕንጻ ባለቤቶች መውጫዎችን ከዕቃና ከቁልፍ ነጻ ማድረግ፣ ለአደጋው የቀረቡት ወለሎች ቅድሚያ አግኝተው ሌሎቹ በተራ የሚወጡበትን ሥርዓት መዘርጋትና ተገልጋዮችን በልምምድ ማዘጋጀት ይጠበቅባቸዋል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ እንዳይሆን፣ ወረፋው መሰላት ያለበት ጭሱ ከመታየቱ በፊት ነው።