የዕቁቡ ገንዘብና ጥቁሩ መዝገብ

ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት ወደ ዝግጅት ክፍላችን መጥተው ነበር። እኚህ እናት በሠፈራቸው የ12 ሴቶች ዕቁብ ጸሐፊ ሲሆኑ፣ የተሰበሰበው ገንዘብ በእጅ ስልካቸው ሒሳብ ውስጥ ነበር። አንድ ቀን «ሽልማት ደርሶዎታል» የሚል መልእክት መጣላቸው። ከሥሩ ያለውን አድራሻ ሲነኩት ሁልጊዜ ገንዘብ የሚልኩበትን የሚመስል ገጽ ተከፈተና የምስጢር ቁጥራቸውን ጠየቀ፤ ሰጡ። ወዲያው አንድ ንግግሩ የለሰለሰ ሰው ደውሎ በመልእክት የደረሳቸውን ቁጥር እንዲያነቡለት ለመናቸው፤ አነበቡለት። ገንዘቡም በዚያው ሄደ።

«ልጄ፣ ለዚህ ነገር ዘበኛ የለውም ወይ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

ዘበኛስ አለው። ስልካችን አንድን ገጽ ከመክፈቱ በፊት የገጹን ስም ይዞ ወደ አንድ ማውጫ ይሄዳል፤ ማውጫውም ስሙን ወደ ቁጥር ለውጦ መንገዱን ያሳየዋል። ይህም ዲ ኤን ኤስ ይባላል። በሌላ በኩል የአጭበርባሪዎችን አድራሻ እያደኑ በጥቁር መዝገብ የሚያሰፍሩ ድርጅቶች አሉ። መዝገቡ ያለማቋረጥ ይታደሳል። ማውጫው ይህን መዝገብ የሚያይ ከሆነ፣ የተጠየቀው ስም እዚያ ላይ ሲገኝ «እንዲህ ያለ ስም የለም» ብሎ ይመልሳል፤ ገጹም ሳይከፈት ይቀራል። በ2017 እ.ኤ.አ. አገልግሎት የጀመረውና ዛሬ መቀመጫውን በስዊዘርላንድ ያደረገው ኳድ9 የተባለ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ይህንኑ ያለ ክፍያ ይሠራል።

ቤታችሁ ዋይፋይ ካለ፣ በሣጥኑ ማስተካከያ ውስጥ ዲ ኤን ኤስ በሚለው ቦታ 9.9.9.9 ማስገባት ነው። የሣጥኑን መክፈቻ የሚያውቀው ብዙውን ጊዜ የቤቱ ጎረምሳ ስለሆነ እሱን ማዘዝ ይቻላል፤ ለአንድ ቀን እንኳ ለቤቱ ይጥቀም! በዚያ ዋይፋይ የሚጠቀም ስልክ በአመዛኙ በዚሁ ይጠበቃል።

ይሁን እንጂ ልጅቱ ከቤት ወጥታ በስልኳ ዳታ ስትጠቀም ጥበቃው አይከተላትም፤ እዚያው ስልኳ ላይ ለብቻ መስተካከል አለበት። ደውሎ የሚያባብለውንም ሰው መዝገቡ አያስቆመውም። በስልክ ለጠየቀ ሁሉ የሚነበብ ቁጥር የለም፤ የባንክ ሠራተኛ ነኝ ቢልም እንኳ።

ሌላው ችግር፣ መዝገቡ የሚያውቀው የተደረሰበትን ብቻ መሆኑ ነው። የእኚህ እናት መልእክት አድራሻው ገና አዲስ ስለነበር ማንም አላስጠነቀቃቸውም። የእኅታቸው ልጅ ግን መልእክቱን ሳያጠፋ አድራሻውን ለጉግል አመለከተ። በሦስተኛው ቀን ያንኑ አድራሻ ሲሞክረው ቀይ የማስጠንቀቂያ ገጽ ወጣ።

«ለእኔማ ዘገየ» አሉኝ እናት፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። የሚቀጥለው ዕጣ እሑድ ነው። አባሎቹ ከየቤታቸው እንደገና ለማዋጣት ተስማምተዋል፤ ሁለቱ ግን እስካሁን መልስ አልሰጡም።