እጁን የሚያልበው ልጅ

በቀደም አንዲት እናት ደወሉልኝ። የ13 ዓመት ወንድ ልጃቸው ሰው አልጨብጥም ብሏል። እንግዳ ሲመጣ ወደ ጓዳ ይሸሻል፤ አያቱም «ይህ ልጅ ሥርዓት አልተማረም» እያሉ ያኮርፋሉ። ልጁን ራሱን በስልክ ሳነጋግረው ነገሩ ሌላ ሆኖ ተገኘ። እጁን ያልበዋል። ደብተሩ ይርሳል፣ እስክሪብቶው ያዳልጠዋል፤ በፈተና ቀን ወረቀቱ እንዳይቀደድ ከመዳፉ ሥር ሶፍት አንጥፎ ይጽፋል። ይህን ለእናቱ ነግሮ አያውቅም፤ ያፍራል።

ይህ ብልግና አይደለም፤ ንጽሕና ማጉደልም አይደለም። ላብ ሰውነታችን የሚቀዘቅዝበት መንገድ ነው። አንዳንድ ሰው ላይ ግን የላብ ዕጢዎችን የሚያዙት ነርቮች ሙቀትም ሥራም ሳይኖር ከልክ በላይ ያሠሯቸዋል። ብዙውን ጊዜ በልጅነት ወይም በጉርምስና ይጀምራል፤ መዳፍን፣ የውስጥ እግርን፣ ብብትንና ፊትን ይመርጣል። በቤተሰብም ይወረሳል፤ ስለዚህ የሚያኮርፉት አያት የራሳቸው መዳፍ በወጣትነታቸው እንዴት እንደነበረ ቢያስታውሱ ደግ ነው።

እንዴት ይለያል? ላቡ በቀኝም በግራም እኩል ነው፤ 6 ወርና ከዚያ በላይ ቆይቷል፤ ልጁ እንቅልፍ ሲወስደው ግን ይደርቃል። ይህን የመጨረሻውን ለማወቅ ምርመራ አያስፈልግም፤ ሌሊት ገብተው መዳፉን ቢዳስሱት ይበቃል።

መድኃኒት አለው። መጀመሪያ የሚሞከረው አልሙኒየም ክሎራይድ ያለበት የሚቀባ መድኃኒት ነው። ብዙ ሰው ሞክሮ «አልሠራልኝም፣ አቃጠለኝ» የሚለው አቀባቡን ስለማያውቅ ነው። ጠዋት ታጥቦ፣ ቆዳው እርጥብ እያለ ይቀባዋል። መቀባት ያለበት ማታ ሊተኙ ሲሉ፣ በደንብ በደረቀ ቆዳ ላይ ነው፤ ጠዋት ይታጠባል። በተላጨ ወይም በቆሰለ ቆዳ ላይ አይቀባም። ካሳከከ አንድ ቀን እየዘለሉ ይቀቡት። ላቡ ሲቀንስ በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ ይበቃል። ብብት ላይ ሎሚ ማሸት ግን ይቅር፤ ቆዳ ሲያቃጥል እንጂ ላብ ሲያቆም አላየሁም።

ይህ ካልረዳ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሌላም አለ፦ እጅን ውኃ ውስጥ አድርጎ በቀላል የኤሌክትሪክ ኃይል ማከም፣ የሚዋጥ ክኒን፣ የቦቶክስ መርፌ። ነርቩን የሚቆርጥ ቀዶ ሕክምናም አለ፤ ነገር ግን ከእጅ የቀረው ላብ በጀርባና በሆድ ሊወጣ ስለሚችል ለልጅ አይቸኮልበት።

እስከዚያው ለአስተማሪው ይነገር። እንግዳ ሲመጣም ልጁ ጎንበስ ብሎ እጅ ቢነሣ ምን ይጎድላል? የአባቶቻችን ሰላምታ ይኸው አልነበረም እንዴ?

ሌላ ዓይነት ላብ ግን አለ፤ እሱ ያሳስበኛል። ሌሊት አንሶላ እስኪርስ የሚያልበውን ሰው ምች ነው ብለን ዳማከሴ እያሸተትነው ሳምንታት ያልፋሉ። ዳማከሴ ጓሮዬ ውስጥ አለ፣ አልነቅፈውም። ሆኖም ከላቡ ጋር 2 ሳምንት የቆየ ሳል፣ ትኩሳት ወይም ክብደት መቀነስ ካለ የሳንባ ነቀርሳ ሊሆን ይችላል። ምርመራውም መድኃኒቱም በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ነው። ከሲታ እየሆነ፣ ልቡ እየመታና እጁ እየተንቀጠቀጠ መላ ሰውነቱን የሚያልበው ሰው ደግሞ የእንቅርት ዕጢው ይታይ።

ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስዱ አያቶች ሐኪም ሳያማክሩ አይጹሙ። በድንገት ቀዝቃዛ ላብ ካጠመቃቸው፣ ከተንቀጠቀጡና ነገር ከተምታታባቸው ስኳራቸው ወርዶ ይሆናል። መዋጥ ከቻሉ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠው ወዲያው ይስጧቸው። ራሳቸውን ከሳቱ ግን አፋቸው ውስጥ ምንም ሳይጨምሩ ወደ ሕክምና ይውሰዷቸው። ቀዝቃዛ ላብ ከደረት ሕመም ጋር ከመጣም ልብ ሊሆን ስለሚችል እስኪነጋ አይጠበቅም።

ስለ ሕፃናትም ይጠይቁኛል። በሦስት ብርድ ልብስ የተጠቀለለ ሕፃን ማላቡ አይገርምም፤ ገለጥ ያድርጉት። ቀለል ያለ ልብስ ለብሶ ጡት ሲጠባ ግንባሩን የሚያልበው፣ እየደከመ ጡቱን የሚተውና ክብደት የማይጨምር ከሆነ ግን ልቡ እንዲታይ በዚያው ሳምንት ሐኪም ዘንድ ይውሰዱት። ትንፋሹ ከፈጠነ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ በዚያው ሰዓት።