የእናት መብት፣ የልጅ መብት

ልጅን በቤት ማስተማር በአሜሪካ በ50ውም ግዛቶች የተፈቀደ ነው። ጀርመን ግን ትከለክላለች፤ የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2006 ክልከላውን የተቃወመ ቤተሰብ ያቀረበውን አቤቱታ ሳይቀበለው ቀርቷል። በእኔ እምነት ክልከላው ከልክ ያለፈ ነው። ቨርጂኒያ የምትኖር ዘመዴ ለልጆቿ ረፋድ ላይ ሒሳብ፣ ምሳ እየሠራች ንባብ፣ ማታ ደግሞ የአማርኛ ፊደል ታስተምራለች። ይህን ሁሉ የትኛው ትምህርት ቤት ያደርግላቸዋል?

ሆኖም የግዛቲቱ የቤት ትምህርት ሕግ የልጆቿን የትምህርት እድገት የሚያሳይ ማስረጃ በየዓመቱ እንድታቀርብ ማዘዙ ያስቆጣታል። «እናታቸው አይደለሁምን?» ትላለች። ውድ አንባቢያን፣ እዚህ ላይ በሐሳብ እንለያያለን። የማስተማር መብት የእናት፣ የመማር መብት ግን የልጅ ነው። ሕግ የሚወጣው ለትጉህ እናት ብቻ አይደለም፤ በቤት ትምህርት ስም ሳይማር ለሚያድገውም ልጅ ጭምር ነው። ለዚያ ልጅ በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ «ምን ተማርህ?» የሚለው ሰው ያስፈልገዋል።