ኮምፒዩተሩ ሞተ ከመባሉ በፊት



በጉደርም ሆነ በአምቦ ኮምፒዩተር ያለው ቤተ ሰብ፥ መሣሪያው አርጅቶ ሲንቀራፈፍበት ለልጆቹ ትምህርት በማሰብ ራም የተባለውን ማስታወሻ ገዝቶ ይጨምርበታል። አንዳንድ ጊዜ ግን ማብሪያው ሲነካ ስክሪኑ ጨልሞ ይቀራል። ያን ጊዜ «ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል» ይባልና ለሌላ ኮምፒዩተር ገንዘብ ይፈለጋል። እኛ ግን ሳይመረመር ፍርድ አይሰጥ እንላለን።

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፥ ራም ሥራውን ለጊዜው የሚይዝ እንጂ ጽሑፍና ፎቶግራፍ የሚቀመጥበት አለመሆኑ ነው። እነዚህ የሚኖሩት በዲስኩ ላይ ነው። እንግዲህ ራም ስለ ተለወጠ የልጆቹ ጽሑፍ አይጠፋም፤ «ሁሉ ካልተደመሰሰ አይሠራም» ለሚልም ሰው ቶሎ እሺ አይባልም።

ሁለተኛው ነገር ዓይነቱ ነው። ለጠረጴዛ ኮምፒዩተር የሚሆነው ዲዲአር 3 ባለ 240 ፒን ሲሆን በ1.5 ቮልት ይሠራል፤ ዲዲአር 4 ግን ባለ 288 ፒን ሆኖ በ1.2 ቮልት ይሠራል። በጠርዛቸው ላይ ያለው ክፍተት ስፍራው ስለሚለያይ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም፤ እምቢ ያለውን በጕልበት መጫን ሰሌዳውን መስበር ነው። የላፕቶፕ ራም ደግሞ ከነዚህ ያጥራል። ስለዚህ ከጉደር ተነሥቶ ከ120 ኪሎ ሜትር በላይ ተጕዞ አዲስ አበባ ለመግዛት የሚሄድ ሰው፥ አሮጌውን ራም ወይም በላዩ የተጻፈውን ገልብጦ ይያዝ።

ዓይነቱ ልክ ሆኖ ሳለ ስክሪኑ ከጨለመ፥ ምርመራው በተራ ይሁን። የኤሌክትሪኩ ገመድ ይነቀል፤ የሚወጣ ባትሪ ካለውም ይውጣ። በእጅ ላይ ያለው የማይታይ ኤሌክትሪክ ራሙን እንዳይጐዳ የሣጥኑ ብረት ይነካ። ከዚያ አዲሱ ወጥቶ በአሮጌው ብቻ ይሞከር። በዚህ ከተነሣ ማዘርቦርዱ አልተቃጠለም። ቀጥሎ አዲሱ ብቻውን በአሮጌው ቦታ ይግባ፤ መቆለፊያው «ቀጭ» እስኪል በሁለት አውራ ጣት እኩል ይጫን። እምቢ ካለ ጠርዙ በንጹሕ ላጲስ ቀስ ብሎ ይታሽ፤ ፍርፋሪውም ይራገፍ። ከተነሣም በሁለተኛው ቦታ ይሞከር፤ በዚያ ብቻ እምቢ ካለ የበጋ አቧራ ገብቶበት ይሆናልና ቦታው ይጽዳ።

ሁለቱ ለየብቻቸው እየሠሩ አብረው እምቢ ካሉ አልተስማሙም ማለት ነውና አንድ ዓይነት ጥንድ ይፈለግ። ኮምፒዩተሩ ተነሥቶ ከ4 ጊጋባይት በላይ ያለው አልታይ ካለ ደግሞ፥ ዊንዶውሱ ባለ 32 ቢት ሊሆን ይችላልና ሻጩ ከመከሰሱ በፊት ይህ ይታይ።

በአሮጌው ራም እንኳ አልነሣም ካለ፥ በሰሌዳው ላይ ያለችው ክብ ባትሪ ለጥቂት ደቂቃ ወጥታ ትመለስ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ዝም ካለ ወደ ባለሙያ ይወሰድ።

ፊደል ሳይቆጠር ዳዊት አይደገምም። አንድ አንዱን ሳይለዩ ስለ ጠቅላላው መፍረድም እንዲሁ ነው፤ የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ እንዲሉ። ወላጆች ሆይ፥ ይህን ስታደርጉ ልጆቻችሁ ቆመው ይዩ፤ ነገርን በተራ መመርመር የለመደ ልጅ የሚያተርፈው ከአንድ ኮምፒዩተር ዋጋ ይበልጣልና።