የሂሳብ ጥያቄን አብሮ መፍታት ኩረጃ አይደለም

ኩረጃ ትምህርታችንን ክፉኛ ጎድቶታል። በግንቦት 2008 ዓ.ም. የእንግሊዝኛ ፈተና አስቀድሞ በመውጣቱ ብሔራዊ ፈተናው ተሰርዞ እንደ አዲስ ተሰጥቷል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ወደየዩኒቨርሲቲው ተወስደው ሲፈተኑ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። ከ1,000 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ከዓመታት በኋላ፣ በ2017 ዓ.ም. እንኳ ያለፉት 8.4 በመቶ ነበሩ። ቁጥጥሩ መጥበቁ ተገቢ ነው፤ በዚህ አልከራከርም።

የሚያሳስበኝ፣ ለፈተና አዳራሽ የተገባው ጥርጣሬ ወደ ጥናት ሰዓትም መዝለቁ ነው። አራት አምስት ሆነው አንድ ዎርክሺት ላይ የተደፉ ልጆችን ያየ ትልቅ ሰው ሁሉ «የየራሳችሁን ሥሩ» ይላል። ልጆቹ ግን በዚያች ሰዓት ከመማር ሁሉ የሚበልጠውን እየተማሩ ሊሆን ይችላል።

አንድ ጥያቄ ልውሰድ። የአንድ ቁጥር ሎጋሪዝምና ከእሱ በ2 የሚያንሰው ቁጥር ሎጋሪዝም፣ ቤዛቸው 2 ሆኖ፣ ሲደመሩ 3 ይመጣል፤ ቁጥሩ ስንት ነው? ድምሩ ወደ ብዜት ይለወጣል፤ የሁለቱ ቁጥሮች ብዜት 8 ነው ማለት ነው። ኳድራቲኩ ሲፈታ 4 እና -2 ይወጣሉ። የቸኮለ ልጅ ሁለቱም የተጻፉበትን ምርጫ ያጠቁራል፤ ፈተና አውጪውም ያንን ምርጫ ያስቀመጠው ለእሱ ብሎ ነው። ጓደኛው «መልሱ ሲ ነው» ብትለው አንድ ፊደል አገኘ፣ ሌላ ምንም የለም። «እስቲ -2ን መጀመሪያው ላይ መልሰህ አስገባው» ብትለው ግን የኔጌቲቭ ቁጥር ሎጋሪዝም እንደማይወሰድ እዚያው በእጁ ያየዋል። 4 ብቻውን ይቀራል። ሌላ ጊዜ ብቻውን ሲቀመጥም ያገኘውን መልስ መልሶ ሳያስገባ አያልፍም።

አስረጂዋም ትጠቀማለች። «ለምን አይወሰድም?» ተብላ ስትጠየቅ አፏ ከተያዘ፣ ሕጉን ሸምድዳ እንጂ ገብቷት እንዳልነበር ታውቃለች። ጎበዝ ልጃቸው ለሌሎች ሲያስረዳ ጊዜው የሚባክን የሚመስላቸው ወላጆች ይህን ቢያዩ ደስ ይለኝ ነበር። ደግሞም የሂሳብ ትምህርቱም ፈተናውም በእንግሊዝኛ ነው፤ ብዙዎቹ ልጆች ደግሞ የታችኛውን ክፍል የተማሩት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ነው። ጥያቄው ምን እንደፈለገ እርስ በርስ በቋንቋቸው ሲነጋገሩ፣ በክፍል ውስጥ እጅ አውጥተው ለመጠየቅ ያፈሩትን ሁሉ ይጠያየቃሉ።

በቡድን የማጥናትን ስም ያጠፋው ሌላም ነገር አለ። በኢሕአዴግ ዘመን ተማሪው «1 ለ 5» ተብሎ ከላይ በወረደ መመሪያ ሲደራጅ መረዳዳቱ ከሪፖርትና ከፖለቲካ ጋር ተነካካ። ያ አደረጃጀት እንዲመለስ አልፈልግም። ልጆች ከማን ጋር እንደሚሠሩ ራሳቸው ይምረጡ።

ትምህርት ቤቶች የሚጠበቅባቸው ከባድ አይደለም። ከሰዓት በኋላ ባዶ የሚውል ክፍል አይቆለፍ፤ ሰሌዳና ጠመኔ ይኑርበት። ያለፉት ዓመታት የፈተና ወረቀቶች ይቀመጡበት፤ ግን ከነአሠራራቸው። በስልክ የሚዘዋወሩት አብዛኞቹ መልሶች ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ የሚል ዝርዝር ብቻ ናቸው፤ በእነሱ ማንም ሂሳብ አይማርም። ቤታቸው መብራትና ጸጥታ ለሌላቸው፣ አስጠኚ መቅጠር ለማይችሉ ልጆች ይህች ክፍል ያለቻቸው አንድ ዕድል ልትሆን ትችላለች።

አንድ ስጋት ግን እውነት ነው። አምስት ልጆች ተስማምተው አንድ ላይ ሊሳሳቱ ይችላሉ፤ ስህተቱም በአምስት ደብተር ላይ ትክክል መስሎ ይሰፍራል። ስለዚህ የሂሳብ መምህሩ በመጨረሻዋ ግማሽ ሰዓት ብቅ ይበል፤ ለዚህም የትርፍ ሰዓት ይከፈለው። ሲገባ መልስ ከመናገሩ በፊት ከአምስቱ አንዱን ወደ ሰሌዳ ያውጣና የተስማሙበትን መስመር በመስመር እንዲያስረዳ ያድርገው፤ የተሳሳቱባት መስመር ስትደርስ ከሌሎቹ አንዱ «ቆይ» ማለቱ አይቀርም።