የደጋ ነፋስ፣ ሞተር ሳይክልና የተጓዡ ጤና

በዛሬው ዝግጅታችን በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ በሚገኙት የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋማ ወረዳዎች በሞተር ሳይክል የሚመላለሱ ወገኖቻችንን የሚመለከት ርዕስ ይዘን ቀርበናል። ርዕሱ ብርድ ነው። «ብርድ ደግሞ ምን ይወራለታል? ለምደነው አደግን» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እርግጥ ነው፤ የቦረና፣ የሳይንትና የለጋምቦ ሰው ብርድን ያውቀዋል። የሚያውቀው ግን በእግሩ ሲሄድ፣ በበቅሎ ሲጓዝና ከብት ሲጠብቅ ነው። በሞተር ሳይክል ላይ የሚመጣው ብርድ ጠባዩ ሌላ ነው። ይህን አለማወቅ ደግሞ ምቾት ከማጣት አልፎ ሕይወትን የሚነካ ጉዳይ ነው።

ብርዱን የሚያከፋው ምንድን ነው?

አንደኛው ከፍታው ነው። መካነ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ በአቀስታና በጉጉፍቱ በኩል ሲያልፍ የሚያቋርጠው አገር ደግሞ ከዚያም ከፍ ያለ ነው። የአምባ ፈሪት ተራራ ጫፍ ወደ 4,000 ሜትር ይጠጋል። አየር ከፍ ባልን ቁጥር በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ከምሥራቅ ጎጃም ተነስቶ የአባይን ሸለቆ በሸሚዝ የተሻገረ ሰው መካነ ሰላም ሲደርስ ሌላ አየር ይጠብቀዋል።

ሁለተኛውና ዋናው ነፋሱ ነው። ሰውነታችን ዙሪያውን ያለውን ስስ አየር እያሞቀ እንደ ልብስ ይለብሰዋል። ነፋስ ይህን የሞቀ አየር ጠርጎ ይወስደዋል፤ ሰውነትም እንደገና ለማሞቅ ይገደዳል። ፖል ሳይፕልና ቻርለስ ፓሴል የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በደቡብ ዋልታ በረዷማ ምድር ላይ ውሃ በመያዣ አንጠልጥለው ነፋስ ሲመታው ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚቀዘቅዝ ለክተው ነበር። ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ1945 አሳተሙ። አሜሪካና ካናዳ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሻሻሉት ስሌት መሠረት የአየሩ ሙቀት 5 ዲግሪ ሆኖ ነፋሱ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ የተገለጠ የፊት ቆዳ ከዜሮ በታች 1 ዲግሪ የሆነ ያህል ይበርደዋል። አየሩ ራሱ ዜሮ ከሆነ ደግሞ ከዜሮ በታች 8 ዲግሪ ይሆንበታል። በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ በሚጥልበት ጠዋት ቅጠል ባይነቃነቅ እንኳ ሞተር ነጂው ነፋሱን ራሱ ይፈጥረዋል። በፈጠነ ቁጥርም ይብስበታል።

መጀመሪያ የሚከዳው እጅ ነው

ሰውነት ሲበርደው ልብንና አንጎልን ለማዳን ሲል ደሙን ከእጅና ከእግር ይሰበስባል። ጣቶች ይደነዝዛሉ። በሞተር ሳይክል ላይ ደግሞ የፊት ፍሬኑም ፍሪሲዮኑም ያሉት በጣት ላይ ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር በአንድ ሰከንድ 14 ሜትር ያህል ይጓዛል። የደነዘዘ ጣት ፍሬን ለመያዝ አንድ ሰከንድ ቢዘገይ፣ መንገድ የምታቋርጥን ላም ወይም ከቤት የወጣን ሕፃን ለማዳን የሚበቃው ርቀት አለፈ ማለት ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው የበለጠ ያሰጋል። የሰውነት የውስጥ ሙቀት ከ37 ዲግሪ ወርዶ ከ35 በታች ሲሆን ሰው መንቀጥቀጥ፣ አንደበቱ መተሳሰር፣ መደነጋገርና መፍዘዝ ይጀምራል። ችግሩ የበረደው ሰው ራሱን አለማወቁ ነው። «ደህና ነኝ፣ ትንሽ ነው የቀረን» ይላል። ስለዚህ ውሳኔውን ለዚያ ሰዓት ማቆየት አይገባም፤ ዝግጅቱ ከቤት ሳይወጡ መጀመር አለበት።

እንዴት እንልበስ?

ቁም ነገሩ ልብስ ማብዛት ሳይሆን ነፋሱን ማስቆም ነው። ጋቢ ለቤትና ለእግር መንገድ የሚያስደስት ልብስ ነው። በሞተር ላይ ግን ነፋስ በውስጡ ያልፋል፤ ጥጥ በመሆኑም ከረጠበ ሙቀት አይሰጥም። የበግ ሱፍ ከዚህ ይሻላል፤ ቢረጥብም ሙቀቱን ፈጽሞ አያጣም። አባቶቻችን በደጋ በርኖስ መልበሳቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። ነገር ግን በርኖስም ቢሆን በነፋስ ስለሚውለበለብ ለሞተር አይመችም። የተሻለው መንገድ ከውስጥ ስስና ደረቅ ልብስ፣ በላዩ የሱፍ ሹራብ፣ ከሁሉም ውጭ ነፋስና ዝናብ የማያስገባ፣ አንገቱና እጅጌው የሚዘጋ ጃኬት ወይም የዝናብ ልብስ መልበስ ነው። ይህ ያልተገኘለት ሰው በሹራቡና በጃኬቱ መካከል ደረቱ ላይ ጥቂት የጋዜጣ ወረቀት ቢያደርግ ጥሩ መከላከያ ይሆነዋል። ጉልበትም እንደ ደረት ነፋሱን ፊት ለፊት ስለሚቀበል የዝናብ ሱሪ ይፈልጋል።

ጓንት ሰፋ ያለ ይሁን። ጣትን የሚያጠብቅ ጓንት ደም እንዳይዘዋወር ስለሚያደርግ ይባስ ያበርዳል። ጫማም እንዲሁ ነው። በጠባብ ጫማ ሁለት ካልሲ ደርቦ የሚያስገባ ሰው እግሩን ያቀዘቅዘዋል እንጂ አያሞቀውም። ከመሪው ፊት ለፊት ከአሮጌ ጀሪካን ተቆርጦ የተሠራ የእጅ መከለያ ቢታሰር ትልቅ እርዳታ ነው። ነገር ግን ፍሬኑንና ፍሪሲዮኑን እንዳይነካ፣ መሪው እስከ መጨረሻው ሲታጠፍም እንዳይዝ ቆሞ መሞከር ያስፈልጋል። ሄልሜት ራስን ከአደጋም ከነፋስም ይጠብቃል። ወፍራም ጥምጥም ከሥሩ ማድረግ ግን ሄልሜቱን ስለሚያላላው ስስ ቆብ ይበቃል።

ለእህቶቻችንና ለልጆች

ከኋላ የሚፈናጠጥ ሰው ሥራ ፈትቶ ስለሚቀመጥ አንዳንድ ጊዜ ከነጂው ቀድሞ ይበርደዋል፤ ሊያንቀላፋም ይችላል። እህቶች ለብርዱ ብለው የሚደርቡት ጋቢ፣ ነጠላ ወይም ረጅም ሒጃብ ጫፉ ከተለቀቀ በካቴናና በጎማ ሊጠመዘዝ ይችላል። አንገት ላይ የተጠመጠመ ከሆነ አደጋው እጅግ ከባድ ነው። ስለዚህ የሒጃቡ ጫፍ ከጃኬት ሥር ይግባ፤ ከቀሚስ ሥር ሰፊና ሙቅ ሱሪ ይለበስ፤ ቀሚሱም ተሰብስቦ ከጎማው ይራቅ። ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ነጂው ወርዶ በዓይኑ ይመልከት። ሕፃን ልጅ ገላው ትንሽ በመሆኑ ሙቀቱን ከአዋቂ ቀድሞ ያጣል። ከፊት የተቀመጠ ልጅ የአባቱ የነፋስ መከለያ ሆነ ማለት ነውና ይህ ልማድ ሊቀር ይገባል።

ከመነሳት በፊትና በመንገድ ላይ

የቀኑ ብርድ የሚከፋው ፀሐይ በምትወጣበት ሰዓት አካባቢ ነው። ሱብሒ ሰግዶ ወዲያው የሚነሳ ሰው ከውዱእ የቀረውን እርጥበት ከጢሙ፣ ከእጁና ከእግሩ ጣቶች መካከል በደንብ አድርቆ ካልሲና ጓንቱን ያድርግ። የሚቻል ከሆነ ግን ቁርሱን በልቶ፣ ትኩስ ነገር ጠጥቶ፣ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ቢነሳ ይመረጣል። ያልበላ ሰውነት የሚያነደው እንጨት እንደሌለው ምድጃ ነው። ሲጋራ የደም ሥርን ስለሚያጠብ ጣቶችን ያቀዘቅዛል። ጫትም ድካሙንና ረሃቡን ያስረሳል እንጂ ሙቀት አይሆንም፤ እንዲያውም እንደ ሲጋራው የደም ሥርን ያጠባል።

ጣት መደንዘዝ ሲጀምር ሳይሆን ከዚያ በፊት፣ በየግማሽ ሰዓቱ ቆሞ መራመድና እጅን ማወናጨፍ ጥሩ ነው። እጅን በብብት ውስጥ ማሞቅ ይቻላል። በሞተሩ ወይም በማርሚታው ላይ ማሞቅ ግን አይገባም፤ የደነዘዘ እጅ መቃጠሉ አይታወቀውም። ፀሐይ ያልነካው የመንገድ ጥግና ድልድይ ውርጭ ሊይዝ ስለሚችል፣ በጉም ጊዜም ማየት ስለሚከብድ፣ መብራት አብርቶ ቀስ ማለት ነፋሱንም አደጋውንም ይቀንሳል።

ብርድ የመታው ሰው ቢያጋጥም

ከነፋስ ወደ ተከለለ ቤት አስገቡት። እርጥብ ልብሱን አውልቃችሁ ደረቅ ልብስና ብርድ ልብስ አልብሱት። ራሱን ካወቀና መዋጥ ከቻለ ስኳር የበዛበት ሞቅ ያለ ሻይ ስጡት። የደነዘዘውን እጅና እግር በኃይል አትሹት፤ እሳት ላይም አታስጠጉት። የሚንቀጠቀጥ ሰው መንቀጥቀጡን ካቆመና ከፈዘዘ ተሻለው ማለት ላይሆን ይችላል፤ ሰውነቱ ደክሞ ይሆናልና ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

ውድ አንባቢያን! በዚህ አገር ሞተር ሳይክል የሚነዳው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ለራሱ ደስታ አይነዳም። መምህሩ፣ የግብርና ባለሙያው፣ የጤና ሠራተኛውና ነጋዴው ለሥራ ነው የሚወጡት፤ ከኋላቸው የተሳፈረውም ወላድ ወይም በሽተኛ ሊሆን ይችላል። የተሳፈረው ሰው አማና ነው። ስለዚህ «ቶሎ ድረስ» ብለን የምንልከውም ብንሆን፣ ልብሱንና ጓንቱን አይተን፣ ፀሐይ እስክትወጣ ታግሰን እንላከው። ግማሽ ሰዓት መዘግየት ይካሳል፤ የደነዘዘ እጅ ያጠፋውን ግን መመለስ አይቻልም።