የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናና የተማሪዎች የአእምሮ ጽናት

በምሥራቅ ጎጃም ዞን በእነብሴ ሳር ምድር ወረዳ የምትገኘው መርጡለ ማርያም ከዘመናዊ ትምህርት ቤት አስቀድሞ የምትታወቀው በጥንታዊ ገዳሟ ነው። በጎጃም የአብነት ትምህርት ሥርዓት ተማሪው ከወላጆቹ ርቆ፣ ደበሎ ለብሶና አኩፋዳ አንግቶ፣ የዕለት ጉርሱን እየለመነ ዓመታትን በትምህርት ያሳልፋል። ስለ ተማሪ ጽናት በተነሣ ቁጥር ይኸው የቆሎ ተማሪ በምሳሌነት ይጠቀሳል። ንጽጽሩ ግን ብዙ ጊዜ በግማሽ የሚቀር ነው።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ስርቆትንና ኩረጃን ለመከላከል ሲባል ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ጀመረ። በዚያው ዓመት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያስመዘገቡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ከ845,188 ተፈታኞች 27,267ቱ፣ ማለትም 3.2 በመቶው አለፉ። በ2016 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብሏል። መሻሻሉ እውነት ነው፤ ሆኖም ከመቶ ተፈታኞች ከዘጠና የሚበልጡት አሁንም አላለፉም።

ውጤቱ በተገለጸ ቁጥር «የዛሬ ልጅ ጽናት የለውም» የሚለው ፍርድ ይቀድማል። ለዚህ አስተያየት የሚጠቀስ ጥናት አይጠፋም። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ አንጄላ ዳክዎርዝ ለረጅም ግብ ሳይታክቱ መጽናት ለስኬት ወሳኝ ነው ስትል በዓለም ዙሪያ ተደማጭነት አግኝታለች። እ.ኤ.አ. በ2017 ማርከስ ክሬዴና ባልደረቦቹ ከ66,000 በላይ ሰዎችን ያካተቱ ጥናቶችን በአንድነት ሲመረምሩ ግን በጽናትና በትምህርት ውጤት መካከል ያገኙት ዝምድና መጠነኛ ነበር። ጽናት ያግዛል፤ ብቻውን ግን ያልተማሩትን ትምህርት አይተካም።

የአገራችን አኃዝም ይህንኑ ያመለክታል። በ2015 ዓ.ም. 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በአንድ ትምህርት ቤት የተቀመጠ ልጅ ሁሉ ሰነፍ ነው ብሎ መደምደም ያስቸግራል። ችግሩ በመምህር፣ በመጽሐፍ፣ በቤተ ሙከራና ከታች ክፍሎች ጀምሮ በተከማቸ የትምህርት ጉድለት መፈለግ አለበት። በአማራ ክልል ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በዘለቀው ግጭት በርካታ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ወይም ትምህርታቸው ተቆራርጧል። ዓመቱን ሙሉ ሳይማር ወደ ፈተና አዳራሽ የሚገባ ልጅ፣ መግባቱ ራሱ ጽናት መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

የአብነት ተማሪው ምሳሌ ጠቃሚ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው (ለምኖ መማር በራሱ መልካም ነው ለማለት ግን አይደለም)። የቅኔ ተማሪ ቀን ሲቆጥር የዋለውን ቅኔ ለመምህሩ ያሰማል፤ ስሕተቱ ይታረምለታል፤ በማግስቱ እንደገና ይሞክራል። ጉድለቱን የሚሰማው በየዕለቱ፣ ጊዜው ሳያልፍና በጓደኞቹ መካከል ሆኖ ነው። ስለዚህ መውደቅ ለእርሱ የትምህርቱ አንድ ክፍል እንጂ የሕይወቱ ፍርድ አይደለም። የዘመናዊው ትምህርት ቤት ተማሪ ግን ኩረጃ በሰፈነባቸው ዓመታት በየክፍሉ ጥሩ ውጤት ይዞ ሲያልፍ ቆይቶ፣ እውነተኛ ደረጃውን የሚያውቀው ከቤቱ ርቆ በዩኒቨርሲቲ ግቢ በተፈተነበት በዚያ አንድ ሳምንት ይሆናል። እንዲህ ያለው ድንጋጤ ጽኑ የሆነውንም ይሰብራል። መምህራን በየሳምንቱ የሚሰጡት አጭር ፈተናና እርማት፣ ወላጅም በየጊዜው ትምህርት ቤት ሄዶ የልጁን ትክክለኛ ደረጃ መጠየቁ፣ ከማንኛውም የማበረታቻ ንግግር የበለጠ ይጠቅማል።

50 በመቶ ያላመጡ ተማሪዎች በየዓመቱ የሚወሰነውን የመቁረጫ ነጥብ ካሟሉ በዩኒቨርሲቲዎች የማካካሻ (ሬሜዲያል) ትምህርት መከታተል ይችላሉ። ነጥቡ ለሁሉም አንድ ስላልሆነ፣ ሴት ተማሪዎችና አካል ጉዳተኞች የሚመለከታቸውን ነጥብ ለይተው ማየት ይገባቸዋል። ይህን ያላሟሉም በግል ተፈታኝነት ተመዝግበው ዳግም መፈተን ወይም ወደ ቴክኒክና ሙያ ሥልጠና መግባት ይችላሉ። በግል ለመፈተን ያሰበ ተማሪ የምዝገባው ጊዜ አጭር መሆኑን ተገንዝቦ ማስታወቂያውን ከወዲሁ ይከታተል።